አሮጌ የከብት መኪና፦ የናፍጣ ቱቦና ኢንጄክተር መቼ ይቀየር?

ከብት የጫነ አሮጌ አይሱዙ ከያቤሎ ወደ ሞያሌ ሲወርድ ሞተሩ ቢጠፋ ኪሳራው የመካኒክ ሒሳብ ብቻ አይደለም። መኪናው ሲሄድ ነፋስ ያገኝ የነበረው ከብት ሲቆም በፀሐይ ይታፈናል። የደከመው ይተኛል፣ የተኛው ይረገጣል። ገበያ የደረሰውም ቢሆን ክብደቱን አጥቶ ነው።

የናፍጣ ሞተር መንገድ ላይ በድንገት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የነዳጁ መስመር ነው። ጠዋት ቶሎ አልነሳ ማለቱ፣ ዳገት ላይ ጉልበት ማጣቱ ቀድሞ የሚሰጠው ምልክት ነው። ብዙ ሹፌር ግን «ናፍጣ አያንጠባጥብም፣ መስመሩ ደህና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከሰርባቲዮ እስከ ትንሹ ሳቢ ፖምፓ ያለው ቱቦ የሚሠራው በመሳብ ስለሆነ ሲሰነጠቅ ናፍጣ ከማፍሰስ ይልቅ አየር ያስገባል። ለማረጋገጥ ከፖምፓው በፊት ውስጡ የሚታይ አጭር የፕላስቲክ ቱቦ ለጊዜው አስገብቶ ሞተሩን ማስነሳት ነው፤ አረፋ ከታየ አየር እየገባ ነው።

የጎማ ቱቦ ሲቀየር ለናፍጣ የተሠራው ይገዛ። የውሃ ቱቦ ርካሽ ነው፤ ናፍጣ ሲነካው ግን ያብጣል፣ ይላላል፣ ፍርፋሪውም ፊልትሮውን ይደፍናል። አንዱ ከደረቀ ሌሎቹም እኩዮቹ ናቸውና ሁሉንም ከነማሰሪያቸው በአንድ ቀን መጨረስ ይሻላል። ሻንሲው ላይ የሚታሸው የብረት ቱቦም አብሮ ይታይ።

ከዋናው ፖምፓ ወደ ኢንጄክተር የሚሄዱት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ሌላ ነገር ናቸው። ናፍጣው ለየሲሊንደሩ በትክክለኛው ሰዓት እንዲደርስ ርዝመታቸውና የውስጥ ስፋታቸው ተለክቶ የተሠራ ነው። ስለዚህ የተሰነጠቀ አይበየድም፣ ተቆርጦም አይቀጠልም፤ በራሱ ዓይነት ይተካል። ሞተሩ እየሠራ ፍሳሹን በእጅ መፈለግ ደግሞ እጅን እስከማሳጣት ያደርሳል። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢመስልም ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድን ይጠይቃል። ፍሳሹን በካርቶን መፈለግ ይበቃል።

ጥቁር ጭስና መንቀጥቀጥ ከበዛ ኢንጄክተሮቹ ተፈትተው በመሞከሪያ ማሽን ይታዩ፤ በደንብ የማይረጨውና የሚያንጠባጥበው ኖዝሉ ይቀየራል። ሲመለሱ የመዳብ ሮንዴላው አዲስ ይሁን፤ አሮጌው ግፊት ያስተነፍሳል። የተፈታው ቱቦ ጫፍ ሁሉ ወዲያው ይከደን፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አዲሱን ኖዝል ታበላሻለችና። ዋናውን ፖምፓ መንገድ ዳር መፍታት ግን አይመከርም፤ እሱ የፖምፓ ሠሪ ሥራ ነው።

ከዚያ አየሩ ይወጣል። የፊልትሮው የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ ተደርጎ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪመጣ በእጅ ፖምፓ መርገጥ፣ ብሎኑን ማጥበቅ፤ በመጨረሻ የኢንጄክተሮቹን ዳዶ ትንሽ አላልቶ ናፍጣ እስኪወጣ በሞተሪኖ ማዞር፣ ከዚያም ማጥበቅ።

ጠረፍ ላይ በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ከሆነ አዲሱም ዕቃ አይከርምም። ፖምፓውና ኖዝሉ የሚለሰልሱት በናፍጣው ነው፤ ውኃም ነጭ ጋዝም ያንን ያሳጣቸዋል። የፊልትሮውን ውኃ ቶሎ ቶሎ ማፍሰስ ይረዳል።

ሥራው ከዐረፋ ጭነት ቢያንስ ሳምንት ቀድሞ ቢያልቅና መኪናው መጀመሪያ ባዶውን ዳገት ወጥቶ ቢሞከር፣ የቀረ ፍሳሽ ከብት ሳይጫን ይታያል።