ስለ ድብልቅ ጨርቆች የጉምሩክ አመዳደብ

ከባሕር ማዶ የሚመጣ የጨርቅ ጣቃ በፖርት ሱዳን ወደብ ተራግፎ ወደ ካርቱም ገበያ ከመድረሱ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም «ይህ ጨርቅ ከምን የተሠራ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ነጋዴው የሚከፍለው ቀረጥ፣ መንግሥት የሚያገኘው ገቢ፣ እንዲሁም በኦምዱርማን ገበያ ለልጇ የትምህርት ቤት ልብስ የምትገዛ እናት የምትጠየቀው ዋጋ በዚሁ መልስ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሱዳን የታወቀች የጥጥ አገር ናት። በ1925 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) የተፈጸመው የሰናር ግድብ የገዚራን ሜዳ ማጠጣት ከጀመረ ወዲህ ጥጥ ብዙ ዘመን የአገሪቱ ዋነኛ የውጭ ንግድ ሸቀጥ ሆኖ ኖሯል። ጨርቅ ሁሉ ከጥጥ፣ ከሱፍ፣ ከሐር ወይም ከተልባ እግር በሚሠራበት ዘመን የጉምሩክ ሹም በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ይፈርድ ነበር። ናይሎን በ1938 ለዓለም ከተገለጸ፣ ፖሊስተርም በ1941 በእንግሊዝ አገር ከተገኘ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጥጥና ፖሊስተር በአንድ ክር አብረው ሲፈተሉ ዓይንም እጅም ይሳሳታል።

ይህን ችግር ለማቃለል መንግሥታት በ1983 በብራስልስ ከተማ አንድ የጋራ የሸቀጥ አመዳደብ ሥርዓት ተስማምተው ከ1988 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋሉት። ሱዳንም ኢትዮጵያም በዚሁ ሥርዓት ስለሚሠሩ የአንድ ዕቃ የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች በካርቱምም ሆነ በመተማ አንድ ሊሆኑ ይገባል። ከዚያ የሚቀጥሉትን አኃዞችና የቀረጡን ልክ ግን እያንዳንዱ መንግሥት በራሱ ሕግ ይወስናል።

በዚህ መጽሐፍ ጥጥ በምዕራፍ 52 ይገኛል። ያልተቆረጠ ረዥም ሰው ሠራሽ ክር በምዕራፍ 54፣ ተቆራርጦ እንደ ጥጥ የሚፈተለው አጭር ሰው ሠራሽ ጭረት ደግሞ በምዕራፍ 55 ተመድቧል። ሰው ሠራሹም ራሱ በሁለት ይከፈላል። እንደ ፖሊስተርና ናይሎን ያለው በኬሚካል ውሕደት የሚፈጠር ነው፤ እንደ ቪስኮስ ያለው ግን ከእንጨት የሚገኝ ተፈጥሯዊ ነገር በኬሚካል ሟሙቶ እንደገና ክር የሆነ ነው።

ስለ ድብልቅ ጨርቅ የተሰጡት ዋና ዋና ደንቦች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ጨርቁ በክብደት ከሌሎቹ እያንዳንዳቸው የሚበልጠው ጭረት ብቻውን እንደ ሠራው ተቈጥሮ ይመደባል። 65 በመቶ ፖሊስተር አጭር ጭረትና 35 በመቶ ጥጥ ያለበት ጨርቅ ወደ ምዕራፍ 55 ይሄዳል፤ 55 በመቶ ጥጥና 45 በመቶ ፖሊስተር ያለበት ግን ወደ ምዕራፍ 52 ይሄዳል።

2ኛ/ ሁለቱ እኩል ከሆኑ በቍጥር ተራ መጨረሻ ላይ የሚገኘው አንቀጽ ይመረጣል። ስለዚህ ግማሹ ጥጥ፣ ግማሹ ፖሊስተር አጭር ጭረት የሆነ ጨርቅ በምዕራፍ 55 ይመደባል።

3ኛ/ ምዕራፉ አስቀድሞ ይለያል፤ የአንድ ምዕራፍ ጭረቶችም ይደመራሉ። 40 በመቶ ጥጥ፣ 35 በመቶ ፖሊስተር አጭር ጭረትና 25 በመቶ ቪስኮስ አጭር ጭረት ያለበት ጨርቅ ሲታይ ጥጡ ትልቁ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ሰው ሠራሾች ተደምረው 60 በመቶ ስለሚሆኑ ምዕራፍ 55 ያሸንፋል። ምዕራፍ 54 እና 55ም ከሌላ ምዕራፍ ጋር ሲወዳደሩ እንደ አንድ ምዕራፍ ይቈጠራሉ።

4ኛ/ ከዚህ በኋላ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ይመዘናል። ፖሊስተሩ በልጦ ከ85 በመቶ በታች የሆነና በይበልጥ ከጥጥ ጋር የተቀላቀለ ጨርቅ እስከ 170 ግራም ሲመዝን በአንቀጽ 5513፣ ከዚያ ሲያልፍ በ5514 ይገባል። ጥጡ የበለጠበትና በይበልጥ ከሰው ሠራሽ ጋር የተቀላቀለው ግን ድንበሩ 200 ግራም ሆኖ በ5210 ወይም በ5211 ይመደባል። 85 በመቶና ከዚያ በላይ ፖሊስተር አጭር ጭረት ያለበት ጨርቅ አንቀጹ 5512 ነው። በመጨረሻም ጨርቁ ያልነጣ፣ የነጣ፣ የተነከረ፣ በልዩ ልዩ ቀለም ክር የተሸመነ ወይም የታተመ መሆኑ ንዑስ አንቀጹን ይለያል።

እንግዲህ የገበያ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። «ቴትሮን» የጃፓን ፋብሪካዎች ለፖሊስተር ያወጡት የንግድ ስም ነው፤ «ፖፕሊን»ም የአሸማመኑን ዓይነት እንጂ ጭረቱን አይናገርም። ጥርጥር ሲነሣ ከጣቃው ትንሽ ክር መዝዞ ማቃጠል ፍንጭ ይሰጣል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ ዐመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠነክራል። ድብልቁን በመቶኛ ለማወቅ ግን ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። በዚያም 75 በመቶ የሆነ የሰልፈሪክ አሲድ ጥጡን ያሟሟውና ሳይሟሟ የቀረው ፖሊስተር ደርቆ ይመዘናል።

አመዳደብና የትውልድ አገር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም ማስታወስ ይገባል። ሱዳን ከ2000 ጀምሮ በኮሜሳ ነጻ የንግድ ቀጣና ስለ ገባች፣ ከቀጣናው አገሮች አንዷ ከሆነችው ከግብፅ የመጣ ጨርቅ ተገቢውን የትውልድ ምስክር ወረቀት ይዞ ሲቀርብ የቀረጥ መብት ሊያገኝ ይችላል። አንቀጹ ግን ከቻይና ከመጣው ተመሳሳይ ጨርቅ አይለይም።

ትንሽ የምትመስል ስሕተት ብዙ ታጎድላለች። ለስሌት ያህል ብቻ፣ በሁለት አንቀጾች መካከል የ10 በመቶ የቀረጥ ልዩነት ቢኖር፣ 100,000 ፓውንድ በተገመተ ዕቃ ላይ 10,000 ፓውንድ ያለ አግባብ ይከፈላል ወይም ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይቀራል። በትክክል ያስታወቀው ነጋዴም በሐሰት ካስታወቀው ጎረቤቱ ጋር በዋጋ መወዳደር ያቅተዋል።

ስለዚህ ነጋዴው ጨርቁን ከማዘዙ በፊት ከፋብሪካው የጭረቱን መቶኛና የካሬ ሜትሩን ክብደት በጽሑፍ ቢቀበል፣ በዲክላራሲዮኑም ላይ ይህንኑ ሳይቀንስ ቢያሰፍር ራሱን ከቅጣት ይጠብቃል። የጉምሩክ ሠራተኛውም አንቀጹን ሲለውጥ ምክንያቱን ቢጽፍና ናሙናውን አሽጎ ቢያስቀምጥ ክርክር በቀላሉ ይቋጫል። በ2023 በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወደ ፖርት ሱዳን ተዛውረው እንደ ነበር ይታወቃል። መሥሪያ ቤት ቢዛወርም፣ ሹም ቢለወጥም፣ በጥንቃቄ የተጻፈ ሰነድና በትክክል የተመዘነ ጨርቅ ለነጋዴውም ለመንግሥቱም ምስክር ሆነው ይቆያሉ።