ተጨማሪ መረጃ፦ የጤና መድንና የወኪሉ ሲሳይ

መንግሥት ሕዝቡን ሁሉ በጤና መድን ጥላ ሥር ቢሰበስብ፣ በኮሚሽን የሚተዳደረው የመድን ወኪል ሲሳዩ ይጎድልበት ይሆን? በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች 13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ መዋጮው በቀበሌ በኩል በየዓመቱ ከአባወራውና ከእማወራዋ እየተሰበሰበ፣ አባሉም መታወቂያውን አሳይቶ የሚታከምበት ሥርዓት ስለ ሆነ፣ በመካከሉ ለወኪል የሚቆረጥ ድርሻ የለውም።

ዳሩ ግን በሶማሌ ክልል ጅጅጋንና የድንበሯን ከተማ ቶጎ ውጫሌን ለሚያውቅ ሰው ሥጋቱ እጅግም አይከብድም፤ በዚያ ሕመም በጸና ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው የጎሳው መዋጮና የባለጸጎች ዘካ ሲሆን፣ የወኪሉ እንጀራ ግን፣ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ባለ ተሽከርካሪን ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ስለሚያስገድድ፣ ይልቁንም ከጭነት መኪናው ባለቤት ዘንድ ነውና።

በእኔ አስተያየት ብርቱ ጉዳት የሚያገኘው ለድርጅቶች የቡድን ሕክምና መድን የሚያሻሽጠው የአዲስ አበባ ወኪል ነው፤ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 በሙላት ቢፈጸምና መዋጮው ከየሠራተኛው ደመወዝ ቢቆረጥ፣ አሠሪውም የበኩሉን ቢያዋጣ፣ ለአንድ ሕመም ሁለት ጊዜ ለመክፈል አይፈቅድምና፣ ለወኪሉ የሚተርፈው መንግሥት የማይሸፍነውን ሕክምና ብቻ ነው።