ጋቢ ተወደደ?

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ገበያ ጋቢ የሚገዛ ሰው ጨርቁን በጣቱ አሽቶ ዋጋ ይጠይቃል፤ ከዚያም «ተወደደ!» ይላል። ከፋብሪካ ብርድ ልብስ ጋር ካስተያዩት ልክ ይመስላል። ችግሩ ሻጭም ገዥም የሚያሰሉት የሸማኔውን ቀን ብቻ መሆኑ ነው። የጋቢ ልፋት አብዛኛው የሚያልቀው ግን ክሩ ሸማኔው እጅ ከመግባቱ በፊት ነው።

ጥጥ የቆላ ተክል ስለሆነ ደገኛው የሚያገኘው ገዝቶ ነው። ጥጡ ድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ተባዝቶ ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ እንዝርቱ ይሾራል። ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ ለጋቢ ልስላሴና ሙቀት የሚሰጠው ማጉ ግን፣ ደህና ጋቢ ከሆነ፣ በሴቶች እጅ የተፈተለ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ የሚበላው ማግ ከነጠላ እጅግ ይበልጣል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ሲያመላልስ፣ ብዙ ቀን የተፈተለው ክር በጥቂት ሰዓት ያልቃል። እንግሊዝ አገርም ይኸው ታይቷል፦ እ.ኤ.አ. በ1733 ጆን ኬይ መወርወሪያውን ካፈጠነው በኋላ ሸማኔው ክር አጣ፤ አንዱን ሸማኔ ለመመገብ ብዙ ፈታዮች ያስፈልጉ ነበርና። የመፍተያ ማሽን የተፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

«ሴቶቹ የሚፈትሉት በትርፍ ጊዜያቸው፣ ቡና እየጠጡ ነው፤ ምን ዋጋ አለው?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ያለው እዚያው ገበያ ውስጥ ነው። አንዲት ሴት የፈተለችውን ልቃቂት ገበያ ብታወጣው ገንዘብ ያመጣላታል። ያንኑ ክር ለቤቷ ጋቢ ወስዳ ብታሠራው ግን በብር የሚከፈለው የሸማኔው እጅ ብቻ ነው፤ የእሷ ድካም ከሒሳቡ ይወጣል። ክሩ ያው ነው፤ የጠፋው ቆጣሪ ነው። ይህ ልማድ ገበያም ድረስ ስለሚዘልቅ የዋጋ ክርክር በጠነከረ ቁጥር የሚቀነሰው መጀመሪያ የፈታይዋ ድርሻ ነው።

ከበድ ያለው መቃወሚያ የገዥው አቅም ነው። ብርድ የሚያሰቃየው ድሃ ገበሬ የእጅ ሥራን ለማዳን ሲል ውድ ግዛ ሊባል አይገባም፤ ማጉም ድሩም የፋብሪካ ክር የሆነ ርካሽ ጋቢ ቢለብስ ነውር የለውም። ነውሩ ይህንኑ በእጅ ከተፈተለው ደባልቆ በአንድ ስም መሸጥ ነው። ያኔ ገዥው ልዩነቱን አያውቅም፤ ፈታይዋም ዓመቱን ሙሉ ከማሽን ጋር በዋጋ ትወዳደራለች። አቅም አጥቶ ቀንሱልኝ የሚለውን ትተን፣ መክፈል እየቻለ የሚከራከረው ከተሜ ግን ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ጋቢ ስትገዙ ማጉን ማን እንደፈተለው ጠይቁ። በእጅ የተፈተለ ከሆነ ከሸማኔው ዋጋ ለይታችሁ የፈታይዋን ዋጋ አስነግሩ፤ እሱን አትቀንሱ።