ሐዋሳ፣ መሀል ከተማ

ሐዋሳ ስሄድ ሐይቅ ዳር አላድርም። ውኃውን ከአልጋው ላይ ሆኖ ለማየት የሚከፍል ይክፈል፤ ለእኔ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ያልራቀ መካከለኛ ሆቴል ይበቃኛል። ሐይቁ እንደሆነ ከዚያ በእግር ይደረሳል።

የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ መሰለኝ፣ እንግዳ መቀበያው ጋ መጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ያካተተ መሆኑን ነው። ካላካተተ፣ «1,000 ብር» የተባለው ክፍል 10 በመቶ ሰርቪስ ሲታከልበት 1,100 ይሆናል፤ 15 በመቶው ቫት በዚህ ላይ ስለሚሰላ ደረሰኙ 1,265 ብር ይላል። ቀጥዬ ክፍሉን አያለሁ፤ ሙቅ ውኃውን ከፍቼ እጄን እሰዳለሁ፣ ጄኔሬተሩ በየት በኩል እንደተተከለ እጠይቃለሁ። ወደ መንገድ የዞረ ክፍል አልወስድም፤ የዓርብ ማታ ሙዚቃ አያስተኛም። የእሑድ ንጋት ቅዳሴም ይሰማል፤ በእሱስ ቅሬታ የለኝም።

ቁርስ ከኪራዩ ጋር ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ነኝ። ዓሣ አጥማጆቹ ይመለሳሉ፣ ልጆች ቆሮሶውን በቢላ እየገፈፉ ይበልታሉ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከገዢው እኩል ተሰልፎ ትራፊውን ይጠብቃል። የተጠበሰውን በዳጣ!

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው። በዚያ ሰሞን የምትሄዱ ከሆነ አልጋ ቀደም ብላችሁ በስልክ ያዙ።