በሕንፃ ሥራ ቦታ ስለሚሠሩ የአርኬኦሎጂ ባለሙያዎች የደኅንነት ካርድና የሙያ ዕውቅና

አርኬኦሎጂ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በፈረሰ ቤተ መንግሥት አጠገብ ተንበርክኮ በብሩሽ አፈር የሚጠርግ ሰው ነው። እኔም ወደዚህ ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ እንኳ ይህ ሥዕል ከአሳቤ አልወጣም ነበር። ነገር ግን ዛሬ በብሪታንያ በዚህ ሙያ ከሚተዳደሩት ሰዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በሕንፃ መሠረት፣ በመንገድና በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ፣ ኤክስካቫተር በሚጮኽበት፣ ክሬን ከራስ በላይ በሚዞርበት ቦታ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ የሚሠራ ሰው ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት። የመጀመሪያው «ራስህንና ጓደኛህን ከአደጋ መጠበቅ ታውቃለህን?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሙያህን ማን መሰከረልህ?» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብሪታንያ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እንዴት እንደምትመልስ ማስረዳት፣ ከዚያም እኛ ምን እንደምንማር በአጭሩ ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ባለሙያው ወደ ሕንፃ ሥራ ቦታ እንዴት ገባ?

በ1989 በለንደን ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ፣ በሳውዝዋርክ ሰፈር፣ የቢሮ ሕንፃ ሊሠራ በታሰበበት ቦታ ሲቆፈር በ1587 የተሠራው ሮዝ የተባለው ቴአትር ቤት መሠረት ተገኘ። የሼክስፒርና የማርሎው ድርሰቶች የታዩበት ቤት ስለ ሆነ ሕዝቡ፣ ከሁሉም ይልቅ ተዋንያኑ፣ እንዳይጠፋ አጥብቀው ተከራከሩ። በመጨረሻም የሕንፃው ፕላን ተለውጦ ፍርስራሹ ከሥሩ እንዲጠበቅ ተደረገ።

በሚቀጥለው ዓመት በኖቬምበር 1990 የእንግሊዝ መንግሥት «የፕላን ፖሊሲ መምሪያ ቁጥር 16» የተባለውን ደንብ አወጣ። የደንቡ ዋና አሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቅርሱ ባለበት ሳይነካ ቢቆይ ይመረጣል። ሁለተኛ፣ ይህ የማይቻል ከሆነ ከመጥፋቱ በፊት ተቆፍሮ፣ ተለክቶና ተመዝግቦ መያዝ አለበት፤ ወጪውንም የሚከፍለው ሕንፃውን የሚያሠራው ነው። መምሪያው ከጊዜ በኋላ በሌሎች ቢተካም አሳቡ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። ከዚህ የተነሣ የአርኬኦሎጂ ባለሙያ ከመሐንዲስና ከሥራ ተቋራጭ ጋር በአንድ አጥር ውስጥ የሚውል ሰው ሆነ።

የተገኘው ፍሬም ቀላል አይደለም። በለንደን መካከል፣ ዎልብሩክ በተባለው ጥንታዊ ጅረት ዳር፣ ከ2010 እስከ 2014 ለአንድ ትልቅ ሕንፃ ሲቆፈር 405 የሮማውያን የእንጨት መጻፊያ ሰሌዳዎች ተገኝተዋል። ከእነዚህ አንዱ በጃንዋሪ 8 ቀን 57 ዓ.ም. የተጻፈ የዕዳ ውል ነው። እንዲሁም ለአዲሱ የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ በ2015 በሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ አጠገብ አንድ የቀድሞ መቃብር ሲቆፈር ከ3,000 በላይ አፅሞች ወጥተዋል፤ ከነዚያም መካከል በ1665 ዓ.ም. ወረርሽኝ የሞቱት ሰዎች ጥርስ ተመርምሮ የወረርሽኙ ባክቴሪያ ምን እንደ ነበረ ታውቋል።

፪. የአፈር አደጋ

አንድ ኪዩቢክ ሜትር አፈር እስከ 1.5 ቶን ሊመዝን ይችላል፤ ይህም የአንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ያህል ክብደት ነው። የጉድጓዱ ግድግዳ ሲናድ በውስጡ ያለው ሰው ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም፤ አፈሩ ደረቱን ስለሚጫነው ራሱ ከአፈር በላይ ቢሆንም እንኳ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል።

እዚህ ላይ ሙያውና ደኅንነቱ በቀጥታ የሚጋጩበት ነገር አለ። ባለሙያው የዘመኑን ቅደም ተከተል የሚያነበው ከአፈሩ ንብርብር ነው። ንብርብሩ ጎልቶ እንዲታየው የጉድጓዱ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ እንዲቆም ይፈልጋል። የደኅንነት ተቆጣጣሪው ግን ግድግዳው ተጋድሞ ወይም ደረጃ በደረጃ ተቆርጦ እንዲወርድ፣ አለዚያም በእንጨትና በብረት እንዲደገፍ ያዛል። ለአንደኛው ጥሩ መጽሐፍ የሆነው ግድግዳ ለሌላው የተዘጋጀ መቃብር ነው። በተግባር የሚደረገው ጉድጓዱን በሰፊው ጀምሮ በየእርከኑ እየጠበበ እንዲሄድ ማድረግ፣ ንብርብሩንም በየእርከኑ እየሣሉ መውረድ ነው። ይህ ብዙ አፈር ማውጣትን ስለሚጠይቅ ከፕላኑና ከበጀቱ ገና በመጀመሪያ መግባት አለበት።

ሌላም አደጋ አለ። በለንደን መሬት ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀረ ያልፈነዳ ቦምብ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከቀድሞ ፋብሪካዎች የፈሰሰ መርዝ ይገኛል። በአሮጌ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤቶችም የእርሳስ ሬሳ ሣጥኖች ስላሉ ብናኙ ለጤና ይጎዳል።

ሕጉ ይህን ሁሉ ይመለከታል። በ1974 የወጣው የሥራ ጤንነትና ደኅንነት ሕግ አሠሪ ሁሉ የሠራተኞቹን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በ2015 የወጣው የኮንስትራክሽን ደንብ ደግሞ ሊናድ የሚችል ቁፋሮ ሰው ከመግባቱ አስቀድሞ፣ በየሥራው ፈረቃ መጀመሪያ፣ ዕውቀት ባለው ሰው እንዲመረመር ያዝዛል።

፫. የደኅንነት ካርድ

በብሪታንያ ወደ ትልልቅ የሕንፃ ሥራ ቦታ የሚገባ ሰው በር ላይ ካርድ ይጠየቃል። ካርዱን የሚሰጠው በ1995 የተቋቋመው፣ በአጭሩ ሲ.ኤስ.ሲ.ኤስ. የሚባለው ድርጅት ነው። መንግሥት በሕግ ያዘዘው አይደለም፤ ነገር ግን ታላላቆቹ ሥራ ተቋራጮች ያለዚህ ካርድ ስለማያስገቡ በተግባር ግዴታ ሆኗል።

ካርዱን የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ በኮምፒዩተር የሚሰጠውን የጤንነት፣ የደኅንነትና የአካባቢ ጥበቃ ፈተና ማለፍ አለበት፤ 50 ጥያቄዎች በ45 ደቂቃ ውስጥ ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ እንደ ያዘው የሙያ ማስረጃ የካርዱ ቀለም ይለያያል። አረንጓዴው ለቀን ሠራተኛ፣ ሰማያዊው ለሠለጠነ ሠራተኛ፣ ጥቁሩ ለሥራ አስኪያጅ፣ ነጩ ዕውቅና ባለው የሙያ ማኅበር አባል ለሆነ ባለሙያ ይሰጣል። ቀድሞ ከሕንፃ ሥራ ጋር በሩቁ ለሚገናኙ ሰዎች የሚሰጥ አንድ ወጥ ካርድ ነበር። ይህ በ2017 ከቀረ በኋላ እያንዳንዱ ካርድ ከያዡ ሥራና ማስረጃ ጋር እንዲስማማ ተፈለገ። የአርኬኦሎጂ ባለሙያዎችም «እኛ የምንቆመው ከየትኛው ቀለም ሥር ነው?» ብለው እንዲጠይቁ የተገደዱት በዚህ ምክንያት ነው።

፬. የሙያ ዕውቅና

በብሪታንያ ሐኪም ወይም አርክቴክት ነኝ ብሎ ራሱን የሚጠራ ሰው ስሙ በመዝገብ መገኘት አለበት። አርኬኦሎጂስት የሚለው ስም ግን በሕግ አልተጠበቀም፤ ማንም ሰው ራሱን እንዲህ ብሎ ቢጠራ አይከሰስም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ባለሙያዎቹ በ1982 የመስክ አርኬኦሎጂስቶች ኢንስቲቱት የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ በ2014 የንጉሣዊ ቻርተር ተቀብሎ ከሌሎቹ የተከበሩ ሙያዎች ጋር ተሰለፈ።

አባልነቱ ሦስት ደረጃዎች አሉት። አመልካቹ ዲግሪውን ማሳየት ብቻ አይበቃውም፤ የሠራውን ሪፖርት፣ የያዘውን ኃላፊነትና የሚያውቁት ሰዎች የሚሰጡትን ምስክርነት ያቀርባል፤ የሙያ ጓደኞቹ መርምረው ደረጃውን ይወስናሉ። ከገባም በኋላ ለሙያው ሥነ ምግባር ደንብ ይገዛል፤ ደንቡን ቢጥስ ይከሰሳል። ዕውቀቱንም ማደስ አለበት።

፭. አንዱ ሌላውን ይተካልን?

ከላይ እንደ ተመለከትነው ካርዱና ዕውቅናው የሚመሰክሩት የተለያየ ነገር ነው። ካርዱ ያዡ አደጋን እንደሚያውቅ ይመሰክራል፤ የሸክላ ስብርባሪ ከየትኛው ዘመን እንደ ሆነ መለየት መቻሉን አይናገርም። የማኅበሩ አባልነት ደግሞ ባለሙያነቱን ይመሰክራል፤ ገመድ ያለበትን ቦታ ሳይጠይቅ ዶማ እንደማያነሣ ግን ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የቀለሙ ነገር ለአንዳንድ አንባቢ የክብር ጥያቄ ብቻ ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ከዚያ ይጠልቃል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የመጣ ወጣት የማኅበር አባል ካልሆነና ሌላ ማስረጃ ከሌለው የቀን ሠራተኛውን ካርድ ይዞ ሊገባ ይችላል። የቀን ሠራተኛ መሆን ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ካቦው የካርዱን ቀለም አይቶ ሰውየውን ይመዝነዋል። ያ ወጣት አፅም አይቶ «ኤክስካቫተሩን አቁሙ» ቢል የሚሰማው ማን ነው? ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ሰዎቹ ይውጡ ቢልስ? የዘገየ ሰዓት ሁሉ በገንዘብ በሚቆጠርበት ቦታ ሥራ አቁሙ የሚል ቃል ክብደት የሚኖረው ተናጋሪው የታወቀ ማዕርግ ሲኖረው ነው። እንግዲህ የሙያ ዕውቅና ለቅርሱም ለሰው ሕይወትም ጋሻ ይሆናል ማለት ነው።

የሚቃወሙም አሉ። የፈተናውና የካርዱ ዋጋ፣ የማኅበሩም መዋጮ፣ ለጥቂት ወራት ተቀጥሮ ከቦታ ወደ ቦታ ለሚዞር ወጣት ሸክም ነው ይላሉ። ፈተናው ለግንበኛና ለአናጢ የተዘጋጀ እንጂ ለአርኬኦሎጂ አይደለም የሚሉም አሉ። እኔ የመጀመሪያውን ትክክለኛ ቅሬታ አድርጌ እቀበላለሁ፤ ወጪውን መሸፈን የሚገባው ሠራተኛውን የሚፈልገው አሠሪ ነው። ሁለተኛው ግን ፈተናውን ማሻሻልን እንጂ መተውን አያስከትልም፤ የሚናድ አፈር ግንበኛውንና ዲግሪ ያለውን ለይቶ አይጫንም።

፮. ከዚህ የምንማረው

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209፣ በማዕድን፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ቁፋሮ ላይ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና ያገኘውን ሳይነካካ እንዲጠብቅ ያዝዛል። የአክሱም ሐውልት በ2005 ከሮም ከተመለሰ በኋላም ወደ ቦታው ከመተከሉ በፊት መሬቱ በመሣሪያ ሲመረመር ከሥሩ ያልታወቁ ክፍሎች መኖራቸው ታውቋል፤ ሐውልቱም በ2008 ቆመ። በዚያ ሥራ መሐንዲሱና የጥንት ታሪክ መርማሪው አብረው ካልመከሩ ምን ሊደርስ ይችል እንደ ነበረ ለመገመት አያዳግትም።

ባለፈው ክረምት ከትምህርት ስመለስ ለአንድ ሕንፃ መሠረት በተቆፈረ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ጥቂት ቆሜ ነበር። ጥልቀቱ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል፤ ዝናብ ያራሰው ግድግዳ ምንም ድጋፍ አልነበረውም። ከታች አራት ሰዎች አፈር ይዝቃሉ። በግድግዳው መካከል ጥቁር አመድ የመሰለ ንብርብር ተጋድሞ አየሁ። የማን ምድጃ፣ የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ወርጄ አልጠየቅሁም፤ ለመውረድ ሥልጠናው፣ ለመጠየቅም ማዕርጉ አልነበረኝም። በማግሥቱ ሳልፍ ቦታው በኮንክሪት ተሞልቶ ነበር። ሰዎቹ በደኅና ወጥተዋል፤ አመዱ ግን ከነታሪኩ ከሥር ቀርቷል።

ስለዚህ በየኮሌጁ አርኬኦሎጂ የሚማሩ ጓደኞቼ የአፈር ንብርብርን ከማንበብ ጋር የአፈርን ክብደት እንዲማሩ፣ ምሕንድስና የሚማሩትም የጥንት ሥራን ዋጋ እንዲያውቁ፣ መምህሮቻችንም ሁለቱን ወገኖች በአንድ የመስክ ትምህርት እንዲያገናኙልን በትሕትና አሳስባለሁ።