እንደ መርዶ ነጋሪ

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ወንበሮች አሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ «የሚመችህ ላይ ቁጭ በል» አሉኝ። በሩን የሚያሳየውን መረጥሁ። ለምን እሱን እንደመረጥሁ የገባኝ ከሳምንታት በኋላ ነው።

ቦታው ጉርድ ሾላ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው አለፍ ብሎ ያለ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከታች የታክሲ ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» ይጣራል። እዚህ ያደረሰኝ የመኪና አደጋ ነው። እግሬ ድኗል፤ ፍሬን ሲጮህ ግን እጄ ዛሬም ይንቀጠቀጣል።

የመጀመሪያ ቀን ሁሉን ልዘረግፍ ተዘጋጅቼ ነበር። አደጋውን አላስነሡኝም። እንቅልፌን ጠየቁኝ፤ ማታ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ፤ ምሳ በልቼ እንደሆነ። ውጭ መኪና ሲያንባርቅ ትከሻዬ መኮማተሩን አይተው እግሬን መሬት አስረግጠው፣ የማየውን አምስት ነገር እንድቆጥር አደረጉኝ። አምስተኛው የራሴ ጫማ ነበር፤ ማሰሪያው ተፈትቷል።

ቅር ብሎኝ ወጣሁ። ገንዘብ የከፈልሁት ላወራ አልነበረም እንዴ?

ቤት ስደርስ መርዶ ትዝ አለኝ። እኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንደ ድንጋይ አይወረወርም። ሐዘንተኛው ሌሊቱን ብቻውን እንዳይታገለው ተብሎ ማታ አይነገርም። ሽማግሌና የልብ ወዳጅ ተጠራርተው ጎሕ ሲቀድ ይመጣሉ፤ ማን እንደሚናገር፣ ማን ደግፎ እንደሚይዝ ቀድሞ ተመክሮበታል። ውጭ አገር ያሉትም ቢሆኑ የዕረፍት ቀን ይጠብቃሉ። የሕክምና አንትሮፖሎጂ ምሁሯ የውብዳር በየነ በ1992 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ሐኪሞች የጻፉት ይህንኑ ነው፦ ለኢትዮጵያዊ ታካሚ የማይድን ሕመም ወሬ በቤተሰብ ወይም በቅርብ ወዳጅ በኩል፣ ጊዜና ቦታ ተመርጦለት ይነገር። በዚያው ዓመት የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ጁዲት ኸርማን «ትሮማ ኤንድ ሪከቨሪ» የተሰኘ መጽሐፋቸውን አወጡ። ከጉዳት ማገገምን በሦስት ደረጃ ከፈሉት፦ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ከዚያ ማስታወስና ማዘን፣ ከዚያ ወደ ሰውና ወደ ኑሮ መመለስ። በአደጋ ማግስት ሰውን አስቀምጦ በአንድ ጊዜ ሁሉን ማስተረክን የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም።

ይህ ሲባል ግን ዝም ይባል ማለት አይደለም፤ መርዶም ቢዘገይ ይነገራል። «ሆድ ይፍጀው» ብዬ ዓመት ሙሉ ሞክሬዋለሁ። ሆድ አልፈጀውም፤ እንቅልፌን ፈጀው እንጂ። «እርሳው በቃ» የሚሉኝ ዘመዶቼ ክፋት የላቸውም፣ ግን መርሳት በትእዛዝ አይሆንም።

በስድስተኛው ቀን ባለሙያዋ «ዛሬስ?» አሉኝ። ከማለዳው ጀመርሁ፦ የለበስሁት ሹራብ፣ የሬዲዮው ዘፈን፣ ካፊያው። ኩርባው ጋ ስደርስ እጃቸውን ከፍ አድርገው «እዚህ ላይ እንረፍ» አሉ። ውሃ ጠጣሁ። የቀረውን ሰዓት ስለ ሹራቡ አወራን፤ እናቴ ናት የሠራችው።

ወርጄ ታክሲ ያዝሁ። ጋቢናው ባዶ ነበር። ትንሽ አየሁትና ከኋላ ገባሁ።