የንግድ ትምህርት መምህር ለመሆን የሚመረጡ ኮርሶች

አንድ ወጣት ጸሐፊ የዕለቱን ሽያጭ ሲመዘግብ ተከፋዩን ከተሰብሳቢው ያቀላቀለ እንደ ሆነ፣ የመደብሩ ባለቤት ወቀሳውን የሚያሳርፈው በወጣቱ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ወጣቱን የመዝገብ አያያዝ ያስተማረው መምህር አለ፤ መምህሩም በዩኒቬርሲቲ ሳለ የመረጣቸው ወይም የተዋቸው ኮርሶች አሉ። በኮርስ ምርጫ ጊዜ የታለፈው ጉድለት ውሎ አድሮ ከነጋዴው የሒሳብ መዝገብ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንግድ ትምህርት መምህርነት የሚያበቁ ኮርሶች የትኞቹ ናቸው የሚለው ጥያቄ፣ የተማሪዎችና የመምህራን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአስመጪው፣ የላኪውና የባለሱቁም ጉዳይ ነው።

ይህን ነገር በግልጽ ደንብ ከወሰኑት አገሮች አንዷ አየርላንድ ናት። የዚያች አገር አሠራር ሲመረመር፣ የትም አገር ላለ ተማሪና ወላጅ የሚጠቅም ትምህርት ይገኝበታል።

የሚሰጡት ትምህርቶች

በአየርላንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የንግድ ጥናት የሚባል ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሥርዓተ ትምህርት ይህን ጥናት በሦስት ይከፍለዋል፤ ይኸውም የግል ገንዘብ አያያዝ፣ የሥራ ፈጣሪነት እና የአገር ኢኮኖሚ ነው። የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የቤተሰብን ገቢና ወጪ ማቀድ የሚለማመደው በዚህ ክፍል ነው።

በከፍተኛው ክፍል ግን ትምህርቱ በሦስት የተለያዩ መስኮች ይሰጣል፤ እነርሱም የንግድ ሥራ፣ የሒሳብ አያያዝና ኢኮኖሚክስ ናቸው። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፈተና አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተጀመረው የኢኮኖሚክስ ትምህርት ከጠቅላላው ውጤት ከመቶ 20 የሚሰጠው ተማሪው ራሱ አጥንቶ ለሚያቀርበው የምርምር ጽሑፍ ነው። የንግድ ሥራ ትምህርትም እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በታደሰ ሥርዓተ ትምህርት መሰጠት ጀምሯል።

መምህር ለመሆን የተቀመጠው ደንብ

እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራውን የጀመረው የአገሪቱ የመምህራን ምክር ቤት የመምህራንን መዝገብ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ፣ ለአጭር ጊዜ ችግር ከሚፈቀደው በቀር፣ በዚህ መዝገብ ያልሰፈረ ሰው ከመንግሥት ገንዘብ የመምህርነት ደመወዝ ሊከፈለው አይችልም።

ለመመዝገብ በመጀመሪያ ቢያንስ 180 ክሬዲት ያለው የዩኒቬርሲቲ ዲግሪ ያስፈልጋል። ከዚህም ውስጥ አመልካቹ ሊያስተምረው ባሰበው ትምህርት ቢያንስ 60 ክሬዲት ማግኘት አለበት፤ ከነዚህም ቢያንስ 10 የሚሆኑት በሦስተኛው ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ባለው ደረጃ የተሠሩ መሆን ይገባቸዋል። የጥናቱም ይዘት ትምህርቱን በሁለተኛ ደረጃ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ለማስተማር የሚያበቃ መሆኑ መታየት አለበት። ከዲግሪው በኋላ ሁለት ዓመት የሚፈጅና 120 ክሬዲት ያለው የማስተማር ሙያ ትምህርት ይከተላል፤ በዚህም ጊዜ እጩው መምህር በትምህርት ቤት ውስጥ እያስተማረ ይለማመዳል። የንግዱን ትምህርትና የማስተማሩን ሙያ በአንድ ዲግሪ አጣምረው የሚሰጡ ኮሌጆችም አሉ።

ቁጥሩን መቁጠር

በአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር የአንድ ሙሉ ዓመት ጥናት 60 ክሬዲት ነው። በብዙ ዩኒቬርሲቲዎች ሞጁል የሚባለው አንድ ኮርስ 5 ክሬዲት ይይዛል። እንግዲያስ 60 ክሬዲት ማለት 12 ኮርስ ማለት ነው። ይህ በመጀመሪያ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ የሚመጣው የዲግሪው ስምና የዲግሪው ይዘት ሲለያዩ ነው።

ለምሳሌ አንድ ተማሪ በአራት ዓመት 240 ክሬዲት ያለው የንግድ ዲግሪ ያዘ እንበል። ከዚህ ውስጥ የሥራ ልምምድ፣ የውጭ አገር ቋንቋ፣ የኮምፒዩተርና የሥነ ልቡና ኮርሶች ብዙውን ቦታ ይዘው ይሆናል። የሒሳብ አያያዝ መምህር ለመሆን አስቦ ሲቆጥር የሚያገኘው 11 ኮርስ ማለት 55 ክሬዲት ብቻ ከሆነ፣ በሩ ገና አልተከፈተለትም። የጎደለውን ኮርስ በሌላ የታወቀ ተቋም ተምሮ ማሟላት ይቻላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ገንዘብም ጊዜም ሁለተኛ ይወጣል። በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ቀን ሊታረም የሚችል ምርጫ፣ ከምረቃ በኋላ አንድ የትምህርት ዘመን ሊያስከፍል ይችላል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ለንግድ ሥራ፣ ለሒሳብ አያያዝና ለኢኮኖሚክስ የወጡት መመዘኛዎች የየራሳቸው ናቸው። በአንዱ የበቃ በሌላው በቅቷል ተብሎ አይገመትም።

ምርጫው እንዴት ይሁን

አንደኛ፣ የሒሳብ አያያዝ በመጀመሪያው ዓመት ተጀምሮ የሚቋረጥ ሳይሆን በየዓመቱ የሚቀጥል መሆን አለበት። ይህ ትምህርት እንደ ግንብ ድንጋይ በድንጋይ የሚሠራ ነው፤ የዕለት መዝገብ ሳይታወቅ የሒሳብ ማመዛዘኛ አይታወቅም፤ ማመዛዘኛው ሳይታወቅ የዓመቱ ትርፍና ኪሳራ አይዘጋም። የአየርላንድ ተማሪዎች በመጨረሻው ክፍል የኩባንያ ሒሳብ፣ የክበባት ሒሳብ፣ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ፣ የምርት ወጪ ስሌትና በጀት ይማራሉ። አንድ ዓመት ብቻ የተማረ መምህር በዚህ ክፍል ፊት ሊቆም አይችልም።

ሁለተኛ፣ ኢኮኖሚክስ በሁለቱም ወገን ይወሰድ፤ ማለት የገበያውንና የሸማቹን፣ እንዲሁም የአገሩን በሙሉ የሚመለከተው። ስለ ዋጋ የሚያስተምር ሰው ስለ ዋጋ ንረትና ስለ ውጭ ምንዛሪ ምንም የማያውቅ ከሆነ፣ ለተማሪው ግማሹን ብቻ ይነግረዋል።

ሦስተኛ፣ የንግድ ሕግ፣ ስታቲስቲክስ፣ የሥራ አመራርና የገበያ ጥናት መሠረታዊ ኮርሶች አይታለፉ። እጅግ ጠባብ የሆኑት ልዩ ኮርሶች መሠረቱ ከቆመ በኋላ ቢጨመሩ መልካም ነው፤ የመሠረቱን ቦታ ከያዙ ግን ጉዳት አላቸው።

አራተኛ፣ ውጭ አገር አንድ ዓመት የሚያሳልፍ ተማሪ ከመሄዱ በፊት የዚያ ዓመት ኮርሶች በትምህርት ማስረጃው ላይ በስማቸውና በክሬዲታቸው የሚሰፍሩ መሆናቸውን ይጠይቅ። ሳይዘረዘር የተጻፈ ዓመት ለመቁጠር ያስቸግራል።

አምስተኛ፣ የእያንዳንዱ ኮርስ ይዘት የተገለጠበት ወረቀት ይቀመጥ። ነጋዴ ደረሰኙን እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ተማሪም ይህን ያስቀምጥ፤ ከዓመታት በኋላ የሚመረመረው የዲግሪው ርእስ ሳይሆን የኮርሱ ይዘት ነውና።

ምናልባት መምህር ለመሆን ገና ያልቆረጠ ሰው በዚህ መንገድ ራሱን ማሰር አይገባውም የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የሒሳብ አያያዝ፣ ሕግና ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ባንክ ቤት ቢገባ፣ በጉምሩክ ቢቀጠር ወይም የራሱን ንግድ ቢከፍት የሚጎድልበት የለም። የሚጎዳው ያለ ሐሳብ የመረጠው ነው።

ለነጋዴው ያለው ትርጉም

ኢትዮጵያም በዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1943 የተቋቋመውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ ሥር የሚገኘው የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ለመሥሪያ ቤቶችና ለንግድ ድርጅቶች የሒሳብ ሠራተኞችንና ጸሐፊዎችን አስተምሮ አውጥቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ሲያዝ፣ መዝገቡን መያዝ የሚችል ሰው ሊኖር እንደሚገባ ማለቱም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በአንድ የትምህርት ዓይነት ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የማስተማር ሙያን የሚጨምር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ በአገሪቱ ተጀምሯል። የዚህም መንገድ አስተሳሰብ ከአየርላንዱ ጋር ይመሳሰላል፤ በመጀመሪያ ትምህርቱን ማወቅ፣ ቀጥሎ ማስተማሩን መማር ነው። የማስተማር ጥበብ የቱንም ያህል ቢታከልበት፣ በዲግሪው ውስጥ ያልነበረውን ዕውቀት ሊፈጥር አይችልም።

እንግዲህ ልጁን ወደ ዩኒቬርሲቲ የላከ ነጋዴ፣ ልጁ ንግድ ያጠናል መባሉን ሰምቶ ደስ ከመሰኘቱ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር አስመጥቶ ይመልከት። የሒሳብ አያያዝ በስንት ዓመት ይሰጣል? ሕግ አለበትን? ኢኮኖሚክስስ የት ላይ ያበቃል? ልጁ መምህር የመሆን ሐሳብ ካለው ደግሞ፣ መዝጋቢው ባለሥልጣን የሚጠይቀውን ከአሁኑ በጽሑፍ ያግኝ። በአካባቢው ያለው ትምህርት ቤት የንግድ ትምህርት የሚሰጥ ከሆነም፣ ነጋዴው ያልተሞሉ የደረሰኝና የፋክቱር ቅጾችን ለመምህሩ ቢሰጥና መምህሩ መጋዘኑን እንዲያይ ቢፈቅድ፣ ብዙ ወጪ የሌለበት ታላቅ እርዳታ ነው። መምህሩን የረዳ ነጋዴ ነገ ከደጁ ቆሞ ሥራ የሚጠይቀውን ወጣት አብሮ አስተማረ ማለት ነው።